የጎደሉት ሠላሳ ሁለት ጥቅሶች

ደብዳቤው የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ጠራዧ ሙጫዋን አሙቃ፣ ክሯን በሰም አሽታ፣ የመጀመሪያውን መጽሔት ልትሰፋ መርፌዋን ስታነሳ ታናሽ እህቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች። አቋቋሟ የዶክተር አልነበረም፤ ልጅ ሳለች ሰሃን ሰብራ እንደምትቆመው ነበር የቆመችው።

«ወደቅሁ፣ እታለም» አለች።

«ከምን ላይ?»

«ከማዕረጉ ነዋ። ፕሮፌሰርነቱ ቀረ። ቁጥሩ አልሞላም።»

ጠራዧ መርፌዋን ሰፌዱ ላይ ባለው ቡሽ ሰካችና እጇን በሽርጧ ጠረገች። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ከምድር ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠርዝ ኖራለች። ሰው ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ በእጇ ከያዘችው መርፌ ይልቅ አፏ ውስጥ ያለው ይወጋል ለማለት ነው። እናታቸው ስትሞት አራተኛ ክፍል ነበረች። የራሷን ደብተር ዘግታ ሥራ ገባች፤ የታናሿ ደብተር እንዳይዘጋ ግን ሽንጧን ገትራ ቆመች። ልጅቷም አላሳፈረቻትም። ባሕር ማዶ ድረስ ሄዳ ተምራ ተመለሰች፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ሥራ አመራር ታስተምራለች። ሥራዋ፣ ለጠራዧ በገባት መጠን፣ አለቃው አንድ አገር ሠራተኛው ሌላ አገር ሆነው ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ መመርመር ነው። ከሁሉ በላይ የተነበበላት ጽሑፍ፣ ሠራተኛ ለሩቅ አለቃው «እሺ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያትት ነበር።

ያኔ ጠራዧ፣ «ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የፈጀሽው?» ብላታለች። «እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ‹እሺ› ማለት ‹ዞር በልልኝ› ማለት ነው።»

አሁን ግን የቀልድ ሰዓት አልነበረም። «አንብቢልኝ» አለቻት።

ደብዳቤው አጭር ነው። ያሳተመቻቸው ጽሑፎች አሥራ አራት ናቸው፤ መመሪያው የሚጠይቀው አሥራ ሁለት ስለሆነ ይህ ሞልቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎቿን የጠቀሱት ግን መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚጠየቀው መቶ ሃምሳ። ሠላሳ ሁለት ጎድሏል። ቅሬታ ካላት በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ከነማስረጃው ታቅርብ። አለዚያ እንደገና ማመልከት የምትችለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

«ሦስት ዓመቱስ ያልፋል» አለች ታናሿ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «የዶክትሬት ክፍሉ ግን ፕሮፌሰር ካላገኘ ዘንድሮ ይዘጋል። ስድስት ተማሪ ይዣለሁ። ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው። ተይው፣ ምን ይደረግ።»

«ምኑን ነው የምተወው? መጀመሪያ መጥቀስ ማለት ምን እንደሆነ እንደ ሰው አስረጂኝ።»

«አንድ ሰው ሲጽፍ፣ ይህን ነገር ያገኘሁት ከእሷ ነው ይላል። ጽሑፉ ሲያልቅ፣ ከኋላ ዋቢ የሚባል ዝርዝር አለ፤ እዚያ ላይ ስሜንና የጽሑፌን ርዕስ ያሰፍራል። አንድ ጥቅስ ማለት ያ ነው።»

«ምስጋና ነው በይኛ!»

«ሁልጊዜ አይደለም። ተሳስታለች ብሎ ሊነቅፈኝም ይጠቅሰኛል።»

«ነቀፋውም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔ ፕሮፌሰር ከሆንኩ ስንት ዓመቴ!»

ታናሿ ዕንባዋ ዓይኗ ላይ እንዳለ ሳቀች። ጠራዧ ግን አልሳቀችም። «ራስሽ ራስሽን ብትጠቅሺስ?»

«እሱ አይቆጠርም።»

«ደግ። ቆጣሪውስ ማነው?»

«ኮምፒዩተር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን መጽሔቶች አስሶ ይቆጥራል።»

«በወረቀት ብቻ የሚታተሙትንስ?»

«እነሱን አያውቃቸውም።»

ጠራዧ ወደ ወለሉ አቀረቀረች። ከወለሉ በታች ምድር ቤቱ ነው። የየአገሩ የሥራ አመራር ማኅበራት በልውውጥ የሚልኳቸው መጽሔቶች በስድሳ አራት ጥራዝ እዚያ ተደርድረዋል፤ ኢንተርኔት ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ፣ ወረቀታቸው የሻከረ፣ አንዳንዶቹ ገጻቸው ገና ሲመጡ የተጣበቀ። እያንዳንዳቸውን የጠረዘቻቸው እሷ ናት።

«እሱ ካላወቃቸው እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ፀሐፊ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎልማሳ፣ ጨዋ፣ ግን በመመሪያ የሚተነፍስ ሰው ነበር። ጠራዧ የመጣችበትን ስትነግረው መመሪያውን ገልጦ በጣቱ ተከተለ።

«አይከለክልም» አለ እንደ መከፋት ብሎ። «የተጠቀሰበት ገጽና የመጽሔቱ ሽፋን ፎቶ ኮፒ ሆኖ ከቀረበ፣ የታተመ ማስረጃ ተቀባይነት አለው። ግን እትዬ፣ ስድሳ አራት ጥራዝ ነው። ዶክተሯ ክፍል ያስተምራሉ፤ ማን ይፈልገዋል?»

«እኔ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፈረንጅ ፊደል ያነባሉ እንዴ?»

«አላነብም። እለቅመዋለሁ እንጂ።»

አልገባውም። ሊገባውም አይችልም፤ የጥራዝ ጀርባ ላይ ስም አትሞ አያውቅማ። ስሙ የሚታተመው በነሐስ ፊደል ነው። ፊደሎቹ ከመሳቢያ አንድ በአንድ ይለቀማሉ፤ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጠው ይደረደራሉ፤ ግለው የወርቅ ቀለም ባለው ወረቀት በኩል የጥራዙ ቆዳ ላይ ይጫናሉ። አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ቆዳው ተበላሸ ማለት ነው። ጠራዧ ፊደሎቹ ተገጣጥመው ምን እንደሚሉ አታውቅም፤ መልካቸውን ግን እንደ ጎረቤት ልጆች ታውቃለች፤ ተዘቅዝቀውም ጀርባቸውን ሰጥተውም ቢመጡ አይጠፏትም።

የምትፈልገው ስም ደግሞ የአባታቸውን ነበር፤ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የሚቀድመው የአባት ስም ነውና። ታናሿ በትልልቁ ጽፋ ሰጠቻት። ሰባት ፊደል። የመጀመሪያው ሁለት ምሰሶና በመሃል አንድ አግዳሚ፣ የመጨረሻው ክብ። «ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው የሚሄደው» አለቻት። «ሁለቱን ምሰሶ ፈልጊና ከዚያ ወዲህ ወዲያ አትበይ። ሥሩ ደግሞ የጽሑፌ ርዕስ ከእነዚህ ከአሥራ አራቱ አንዱ መሆኑን አመሳክሪ፤ ሌላ ሰው በዚያ ስም ሊኖር ይችላል።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወሬው ደርሶት መጣ። «እትዬ መርፌ፣ የእህትሽ ነገር ገብቶኛል፤ በሥራ ሰዓት ግን ምድር ቤት እንዳላይሽ» አላት።

«እሺ» አለችው፤ የዛሬዋ እሺ የምሯን ነበረች። የእህቷ ቁጥር በተሰረቀ ሰዓት ተገኘ የሚል አፍ እንዲከፈት አልፈለገችም። ስለዚህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሥራዋን ትጀምራለች፤ የምሳ ሰዓቷን ዳቦ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ገጽ ትገልጣለች። ማስመሪያዋን ዝርዝሩ ላይ ታጋድምና መስመር በመስመር ታወርዳለች። ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ ክብ። የለም። ቀጣይ።

የመጀመሪያውን ያገኘችው በሦስተኛው ጥራዝ ላይ ነው። ዓይኗን ማመን አቅቷት ማስመሪያውን አነሳች፣ መልሳ አጋደመች።

«አባዬ!» አለች ጮክ ብላ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻዋን። «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አባታቸው የመጋዘን በር ጠባቂ ነበር፤ ከሰፈሩ ጫፍ ሳያልፍ ያረፈ ሰው። ስሙ ግን ከየት እንደመጣ በማታውቀው ወረቀት ላይ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሃል፣ ተራውን ጠብቆ ቁጭ ብሏል። ቁራጭ ወረቀት ሰካችበትና አለፈች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ስድሳ አራቱም አለቀ። የተሰካው ወረቀት አርባ አንድ ሆነ። ፎቶ ኮፒ አስነስታ፣ በየተራው አሰናድታ፣ ጠርዛ — ያልተጠረዘ ነገር ለሰው መስጠት አይሆንላትም — ለፀሐፊው አስረከበችው። እሱም ወረቀቱን ቆጠረ፣ አርባ አንድ መሆኑን ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። መቶ አሥራ ስምንትና አርባ አንድ፣ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። ታናሿ ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ተማሪዎች ቆመው እስኪያዩዋቸው ድረስ።

«ልቀቂኝ፣ ሙጫ ይነካሻል» አለች ጠራዧ። አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጥቷል።

ደስታው የቆየው እስከዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ካየቻቸው ገጾች ባንዱ ላይ የአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል አንድ እግሩ ተቆርጦ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ የተሰበረ ፊደል ተጠቅሞ ይሆናል። እንደ ባለሙያ ታዝባ፣ «ይሄ ሰነፍ!» ብላ ነበር። ነገሩ ግን፣ «ይሄ ሰነፍ» ያለችው ሁለት ጊዜ መሰላት። አንዴ ሰኞ፣ አንዴ ማክሰኞ።

መርፌውን ጣለችና ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ የሥራ ሰዓት መሆኑም አልታወሳት። የተቆረጠ እግር ያለውን ከአረንጓዴው ጥራዝ አገኘችው። ከዚያ ቀዩን ገለጠች። እዚያም አለ። ያው ፊደል፣ ያው መስመር፣ ያው ገጽ ቁጥር።

ያኔ ገባት። ከስምንት ዓመት በፊት የመጽሔቱ ማኅበር የብዙ ዓመት እትሙን ሁለት ጊዜ ልኮ ነበር፤ አንዴ በልውውጥ፣ አንዴ በስጦታ። የመጀመሪያውን የየዓመቱን ለብቻ በአረንጓዴ ጠረዘችው። ሁለተኛው ሲመጣ ካርቶን አጥሯት ሁለት ሁለት ዓመቱን አንድ ላይ አጣምራ በቀይ ጠረዘችው። ቀለሙም ውፍረቱም ስለተለያየ፣ መንትዮቹን ሁለት የተለያየ ነገር አድርጋ ቆጠረቻቸው። ኮምፒዩተር እንዲህ አይሳሳትም፤ የሚጠርዝ ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው። ከቀዮቹ የወጡትን ቆጠረች። አሥራ ሁለት።

አርባ አንዱ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። መቶ ሃምሳ ዘጠኙ መቶ አርባ ሰባት። ሦስት ጎደለ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሰው አላየም። ፀሐፊው ቆጥሮ ማኅተም አደረገ እንጂ አላነበበም። ስድስት ተማሪዎች። እህቷ ኮሪደሩ ላይ የተጠመጠመችበት አንገቷ ገና ይሞቃል። ትንሽ እንደ ተቀመጠች ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች።

ታናሿን ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ ነገረቻት። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ማን አየ?» አለች፤ እንደ ጥያቄም እንደ ልመናም አድርጋ።

«እኔ አየሁ።»

«አውቃለሁ፣ እታለም። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«አፍሽንም አንቺንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ። ከዚያ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለን።»

«ሁሉንም አይተሽ ጨርሰሻል እኮ! ከየት ይመጣል?»

«እንደገና አያለሁ። በዚህኛው ዙር ግን አብረሽኝ ትወርጃለሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ፀሐፊው አሥራ ሁለቱን ወረቀት ስታወጣ ሲያይ ግራ ገባው። «እትዬ፣ ማኅተም ተመቶበታል'ኮ። ማንም አይመለከተውም። ለምን ራስዎን ያስቸግራሉ?»

«ሁለት ጊዜ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አውጣቸውና ሃያ ዘጠኝ ብለህ ጻፍ።»

«እንዲያማ ከሆነ አይሞላም።»

«አይሞላም። ጻፍ።»

ጻፈ። ስትወጣ ከወንበሩ ተነስቶ በሩን ከፈተላት፤ ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም።

ዓርብ ታናሿ ትምህርት ስላልነበራት ከማለዳ ጀምረው ወረዱ። ኃላፊው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ አያቸውና፣ «ዛሬ የዓመት ፈቃድሽ ነው አይደል?» አላት። ፈቃድ አልጠየቀችም ነበር። «ነው» አለችው። «በወረቀት አድርጊው» ብሎ ሄደ።

ታናሿ ስታነብ፣ ታላቋ ስትገልጥ፣ አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። አዲስ ነገር የለም። ታናሿ ብታነብም የጠራዧ ዓይን የዘለለው አንድም አላገኘችምና ተገርማ፣ «ማስተማሩን ላንቺ ልተውልሽ?» አለች።

«ደመወዙ ከነሙጫው ከሆነ።»

ከዚያ ታናሿ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ግራጫ ጥራዝ ስባ አወጣች።

«እነሱን ተያቸው» አለች ጠራዧ። «ስምንት ናቸው፤ ባዶ ናቸው። ከጽሑፉ ኋላ ዝርዝር የላቸውም።»

ታናሿ ገለጠችውና አፏን በእጇ ያዘች። «እታለም፣ ይሄኮ የንግድ ሕግ ሰዎች የሚያዘጋጁት ነው! እነሱ ከኋላ አይጽፉም። ከየገጹ ግርጌ ነው የሚጽፉት። ይኸው፣ በደቃቁ።»

ጠራዧ መነጽሯን አወጣችና ጎንበስ አለች። እውነትም ከገጹ ሥር እንደ ጉንዳን ሰልፍ ያለ ነገር አለ። «ምን ሰርቀው ነው እዚህ የተደበቁት?» አለች።

«ልማዳቸው ነው።»

«ጠባያቸው ነው እንጂ! ነይ፣ አራቱን አንቺ፣ አራቱን እኔ።»

የፊደል ተራ የለም፤ እያንዳንዱን ገጽ እግሩን ማየት ነበረባቸው። ምሳም አልበሉ። የመጀመሪያውን ታናሿ አገኘች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠራዧ። እዚህ የታናሿ ስም ቀድሞ የአባታቸው ይከተላል፤ ልጅቷና አባቷ ጎን ለጎን። ስምንት ሰዓት ላይ አራት ደረሱ። አራተኛው ላይ ታናሿ ግርጌውን አንብባ፣ «ይሄን የጻፈውማ አላዋቂ ይለኛል» አለች።

«ዕድሜ ይስጠው!» አለች ጠራዧ ወረቀት እየሰካች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስድስት ሆኑ። ሁለት ገጽ ደግሞ ሌላ ርዕስ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘና ተዉት። አሥር ሰዓት ከሩብ ፎቶ ኮፒው አለቀ። ጠራዧ እዚያው በቁሟ ሰፋችው፤ ሙጫ የሚደርቅበት ጊዜ ስላልነበረ በክር ብቻ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ፀሐፊው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እሱም በዚህኛው ላይ እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ነው ማኅተም የመታው። ሠላሳ አምስት። ከመቶ አሥራ ስምንቱ ጋር መቶ ሃምሳ ሦስት።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ማክሰኞ ነው። ታናሿ ተጠራች፤ ቀጥሎ ጠራዧም ትግባ ተባለ። ሽርጧን ሳትፈታ ገባች። አምስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ አጠገባቸው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ መምህር። ተቃውሞው ከመምህሩ በኩል እንደሚመጣ ገና ስትገባ አወቀች።

«ግልጽ ልናገር» አለ መምህሩ። «ይህን ቁጥር ያመጡት ቋንቋውን የማያነቡ ሴት ናቸው። የአመልካቿም እህት። ነገ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሰማ መሳቂያ አንሆንም?»

ታናሿ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጠራዧ በዓይኗ ዝም አሰኘቻትና ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ልናገር፣ አባባ?»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«እውነታቸውን ነው፤ አላነብም። እህቴም ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጥሬ አርባ አንድ ስል፣ አሥራ ሁለቱን ደግሜ ቆጥሬ ነበር። መጽሔቱን ሁለት ቀለም የጠረዝኩት እኔው ነኝ፤ ተሸወድኩ። ማኅተም ከተመታ በኋላ አወቅሁት፤ ሄጄ አስወጣሁት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያንን ኮምፒዩተር እኔ አላውቀውም። ግን ጌታዬ፣ ‹ተሳስቻለሁ፣ አውጡልኝ› ብሎ ቢሯችሁ የመጣበት ቀን አለ?»

ሰብሳቢው ወደ ፀሐፊው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ፀሐፊው፣ ጆሮው ቀልቶ። «እኔ ተዉት ብያቸው ነበር። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት።»

«ጥራዞቹ የት አሉ?»

«በር ላይ፣ ጋሪ ላይ ናቸው» አለች ጠራዧ። «ይፈተሽ ባይ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።»

ጋሪው ተገፍቶ ገባ። ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት ጥራዝ አደሉ፤ ለመምህሩ ግን አምስት። ክፍሉ ውስጥ የገጽ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጠራዧ ቆማ የሰዎቹ እጅ እንዴት እንደሚገልጥ ታያለች፤ አንዱ ጥራዙን ወደ ኋላ ሲለጥጠው፣ «ቀስ፣ ጌታዬ፣ ጀርባው ይሰበራል» አለችው። እሱም ቀስ አለ። መምህሩ አምስቱን ጨረሰ፤ ስድስተኛ ጨመረ፤ መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠ።

«ሁሉም በተባለበት ገጽ ላይ አለ» አለ።

ሁለቱ እህትማማቾች ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ታናሿ የጥፍሯን ጫፍ ትነክሳለች። ጠራዧ እጇን ሰብስባ ግድግዳውን ታያለች፤ ቢጥሏትም በሦስት ዓመት ስንት መጽሔት እንደሚመጣ በልቧ እያሰላች ነበር፤ ግርጌውንም ጭምር።

በሩ ተከፈተና ፀሐፊው አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ይግቡና ይፈርሙ፣ ፕሮፌሰር» አለ።

ታናሿ ከኋላዋ ሌላ ሰው እንዳለ ሁሉ ዞር ብላ አየች። ጠራዧ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አንቺን እኮ ነው፤ ተነሺ!»